አልነበብም ያለችው ዲስክ

ዳሪልን መጀመሪያ ያየሁት አየር ላይ ሆኜ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው!

በከተማችን በተንደር ቤይ በረዶው ሲገባ የከርሊንግ ጨዋታ አዳራሹ ደረጃ መስታወት ይሆናል። እኔ ደግሞ የእማን የዲስክ ማንበቢያ በአባዬ የሱፍ የውስጥ ሱሪ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ እየሮጥኩ ነበር የምወጣው። እግሬ ከዳኝ። ማንበቢያው ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች። ልክ ያኔ በሩ ተከፈተና አንድ ረዥም ልጅ ብቅ አለ። ሁለት እጁን ዘረጋ...

ማንበቢያውን ቀለበው።

እኔን ደረጃው ቀለበኝ።

«አልተጎዳም አይደል?» አለ፣ የአባዬን ሱሪ ገለጥ ገለጥ እያደረገ።

«እኔ ነኝ የወደቅኩት!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ቀላ። «አንቺማ ትነሻለሽ። ይሄ ግን አንዴ ከወደቀ አይነሳም።»

እንዲህ ነው የተዋወቅነው እንግዲህ። አበባ የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ የአባዬ የውስጥ ሱሪ ብቻ!

ስሜ ኪርሲ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ እማ ስትታመም። ከዚያ ወዲህ በፊንላንዶች ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ፣ ፓንኬክ አገላብጣለሁ። አባዬ ግን ምላሴ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል ይላል።

ዳሪል አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ዕቃ መደብር ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ስለት ይስላል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከከርሊንግ አዳራሹ ፎቅ አይጠፋም። እዚያ የአሮጌ ኮምፒውተር ባለቤቶች ይሰበሰባሉ። ያቺ ከቴሌቪዥን ጋር የምትሰካው፣ መልኳ ያረጀ ጥርስ የሚመስለው ኮምፒውተር አለች አይደል? ሰው ሁሉ አዲስ ገዝቶ እሷን ምድር ቤት ሲያወርዳት፣ እነሱ አናወርድም ያሉ ናቸው። ታች ያሉት ድንጋይ በበረዶ ላይ እያንሸራተቱ ይጯጯሃሉ፤ ላይ ያሉት ጸጥ ብለው ብሎን ይፈታሉ።

«ምን ሆነ?» አለኝ ዳሪል፣ ማንበቢያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ።

«ይንኳኳል። ጌም ስከፍት ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ይላል፣ እንደ ግንደ ቆርቁር። ከሱቅ የገዛናቸው ጌሞች አንዳንዴ ይነበባሉ፣ አንዳንዴ እንቢ ይላሉ።»

«የማንበቢያው ራስ ከመስመር ወጥቶ ነው። ውስጡ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ያለ ነገር አለ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን መስመር እየተከተለ የሚያነብ። በተንኳኳ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። ተይልኝ፣ ቀጥ አደርገዋለሁ።»

«ቀጥ ካላደረግከው እኔ አንተን ቀጥ አደርግሃለሁ።»

ሽማግሌው ኖርም፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ከማዶ በሳቅ ፈነዳ። «ዳሪል! ይቺ ልጅ ትበላሃለች!»

«ይሄን አጥንት?» አልኩና ወጣሁ።

ወጣሁ እንጂ ቤት እስክደርስ ብቻዬን ስስቅ ነበር። አንድ መንገድ ላይ በረዶ የምትጠርግ ሴትዮ «ምን አገኘሽ?» አለችኝ። «አጥንት» አልኳት።

እቤት ገብቼ ኮቴን ሳወልቅ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

የእማ ዲስክ ማንበቢያው ውስጥ ነበረች!

እስቲ ስለ ዲስኳ ልንገራችሁ። እማ፣ ሄልቪ ነው ስሟ፣ ሰው ስትጠራ ከሐይቅ ማዶ ያለው ጎረቤት «አቤት!» ይል ነበር። እንደዚያ ነበር ድምፅዋ። ከዚያ የጉሮሮ ካንሰር መጣ። ሐኪሞቹ ሕይወቷን ለማትረፍ የድምፅ ማውጫዋን ቆርጠው አወጡት። አሁን የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ ባለ ቀዳዳ ነው፣ በሻርፕ ትሸፍነዋለች። ስታወራ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ኖርም አንዲት ትንሽ ሣጥን አውሷት ነበር፣ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ። እማ ማዕድ ቤት ሆና ሞከረቻት። ያቺ ኮምፒውተር ሆዷ ጠባብ ስለሆነ የያዘችው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ሌላ የቀረን የለም። ቪዲዮ ካሜራ አልነበረንም፣ የነበሩንን ካሴቶች ደግሞ ዘፈን ቀድተንባቸዋል። ማን እንዲህ ይመጣል ብሎ አሰበ?

ምን አለች? ቆዩ፣ ትሰሙታላችሁ።

እማ በየጠዋቱ ያቺን ዲስክ ትሰማለች። ከዚያ በጉሮሮዋ አየር እየዋጠች መናገር ትለማመዳለች። አድካሚ ነው፣ ላብ ያጠምቃታል። ዲስኳን ሳትሰማ ግን አትጀምርም። «የት እንደነበርኩ እንዳይጠፋኝ ነው» አለችኝ አንዴ፣ በከንፈሯ።

ያን ሳምንት አባዬና እማ ቶሮንቶ ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶ ነው። ካንሰሩ ተመልሶ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም። እኔ ደግሞ እስክትመለስ ማንበቢያውን አሠርቼ ላስደስታት ብዬ... ይኸው!

ወዲያው ወደ ክለቡ ደወልኩ። ሁሉም ሄደዋል። ዕቃ መደብሩ ደወልኩ። «ዳሪል የቤቱን ስልክ ለማንም እንዳንሰጥ ብሏል» አሉኝ። ለማን ነው የማይሰጠው? ማን ሊደውልለት?

በሳምንቱ መሃል ቤታችንን ከኖርም ጠይቆ ራሱ መጣ። ማንበቢያውን አቅፎ፣ ፀጉሩን በውኃ ለጥፎ። ፀጉሩ በብርዱ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ቆሟል።

«ይኸው ቀጥ ብሏል» አለ። ጌም ከተተበት። ሳይንኳኳ፣ ሳያጉረመርም ከፈተ። ዳሪል ፈገግ አለ፣ እኔም። ፑላ፣ ጣፋጩን ዳቦአችንን፣ ቆርሼ ሰጠሁት። ሁለት እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ሲበላ አየሁት። ለምን እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

«ውስጡ ይቺ ነበረች» ብሎ የእማን ዲስክ ከደረት ኪሱ አወጣ።

«ተመስገን!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ነጥቄ ከተትኳት።

ቀዩ መብራት በራ። ሞተሩ ዞረ። ከዚያ...

ጠ-ጠ-ጠ-ጠ-ጠ!

መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ማሽኑ ሲሸነፍ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እንደገና ሞከርኩ። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ! አውጥቼ ጃኬቴ ላይ ጠረግኳት፣ እፍ አልኩባት፣ መለስኳት። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ! ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ገባ።

«ተዪው! አትደጋግሚው!» ዳሪል እጄን ያዘ።

«እሷ ሁሌ ትነበብ ነበር። ጌሞቹ ናቸው እንጂ እሷ አንድ ቀን እንቢ ብላ አታውቅም! ምን አደረግካት?»

«ምንም...»

«ዳሪል!»

አፉ ውስጥ ያለውን ፑላ መዋጥ አቃተው። «ማንበቢያውን ስሠራ... ሙከራ አለ። አሮጌ ዲስኮች እየከተትኩ ጠርጌአቸዋለሁ። መጥረግ ማለት ያለባቸውን አጥፍቶ ባዶ ማድረግ ነው። ክምር ነበሩ።»

«የእማን ከክምሩ ለይተሃት ነበር?»

የተረፈውን ፑላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ለይተሃት ነበር ወይ ነው ያልኩህ!»

«ለይቼ... ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?!»

«መማል አልችልም ኪርሲ። ኪሴ የከተትኳት በኋላ ነው። ስም የለባትም፣ ጥቁር ናት፣ እንደ ሌሎቹ ናት...»

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩን ያዝኩ። የእማ ድምፅ ናት አልኩት። ሌላ የለንም አልኩት። ፊቱ ነጣ፤ ከኔ ይልቅ እሱ የሚወድቅ መሰለ። በዚህም ተናደድኩ። የኔን ድንጋጤ የወሰደብኝ መሰለኝ።

«ውጣ።»

«ልሞክር፣ እባክሽ...»

«ውጣ! ማሽን ከሰው የምታስበልጥ! ውጣ!»

ወጣ። ኮፍያውን ረስቷል። በመስኮት ወረወርኩለት። አላነሣውም፣ እንዲሁ ሄደ።

ዓርብ ቀን ስልኩ ጮኸ። እማ ናት። ለብቻዋ ስትደውል ማወቂያዬ የስልኩ ዝምታ ነው። አወራለሁ፣ እሷ በጥፍሯ ስልኩን ትመታለች። አንዴ ከመታች አዎ፣ ሁለቴ ከመታች አይደለም።

«እማ! ሐኪሙ አየሽ?»

ጠቅ።

«ደህና ነሽ አለ?»

ምንም።

«እማ?... ደህና አይደለሽም አለ?»

ምንም። ትንፋሿ ብቻ፣ ከአንገቷ የሚወጣው ያ ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ። ሁለተኛ መጠየቅ ፈራሁ፣ ስልኩን መዝጋት ደግሞ ፈራሁ።

አባዬ ተቀበላት። «ውጤቱ ገና ነው። ነገ ጠዋት ይነግሩናል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን። ስሚ፣ እናትሽ ምን ትላለች፣ ኮምፒውተሯን አብርታ ትጠብቀኝ ትላለች። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ ያቺን ነገር ልስማ ብላለች።»

«እሺ» አልኩ።

«ሁሉም ደህና ነው?»

«ደህና ነው።» ውሸቴ እንዴት ቀለለኝ!

ስልኩን ዘጋሁና ማዕድ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። እንግዲህ ነገ ትመጣለች። ምናልባት ክፉ ወሬ ይዛ። «የት አለ ድምፄ?» ትለኛለች፣ ያለ ድምፅ። ምን እላታለሁ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። ዳሪል ነው፣ የልጆች የበረዶ ጋሪ ይጎትታል። ጋሪው ላይ በመኝታ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አለ።

«አልከፍትም!»

«አትክፈቺ፣ ስሚኝ ብቻ!»

«ለበሩ ንገረው!»

«እሺ፣ ለበሩ!» አለና ጮኸ፤ መንገዱ በሙሉ ሰማ። «የተጠረገ ዲስክ ይነበባል! ባዶ ነኝ ብሎ ይነበባል እንጂ አይንኳኳም! የጠረግኩት እኔ ብሆን ኖሮ በዚያው በሠራሁት ማንበቢያ ነው የምጠርገው፣ እሱ ደግሞ የራሱን ጽሑፍ ይከፍት ነበር! ያንቺ ጭራሽ አልነበብም ነው ያለችው! ኪርሲ... አልጠረግኳትም!»

በሩን ገርበብ አድርጌ ከፈትኩ። አፍንጫው ቀልቷል፣ አሁንም ኮፍያ የለውም።

«ታዲያ ምን ነካት?»

«እናትሽ የቀዳችው ማንበቢያው ከመስመር ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ጠማማ፣ የጻፈው መስመርም ጠማማ። ለዚህ ነው የሱቁን ጌም እንቢ እያለ እሷን ሁሌ የሚያነብላት። እኔ ቀጥ ሳደርገው...»

«አጣላሃቸው።»

«አጣላኋቸው።» ራሱን አቀረቀረ። «ይሄን ማንም የኛ ክለብ ሰው ቀድሞ ማሰብ ነበረበት። እኔ ልታይ ብዬ ቸኮልኩ።»

«ለማን ልትታይ?»

ጆሮው ቀልቶ መለሰልኝ።

«በል ግባ። እና መልሰህ አጣምመው!»

«ያንቺን አልነካም። የኔን ነው የምናጣምመው» ብሎ ከረጢቱን ፈታ። የሱ ማንበቢያ ነው፣ እንደኛው ያለ፣ ግን እንደ ሙሽራ የተወለወለ። «ሁለት ያስፈልጉናል። ጠማማው ያነባታል፣ ቀጥ ያለው አዲስ ዲስክ ላይ ይጽፋታል። ከዚያ የትም ትነበባለች።»

ክዳኑን ፈታ። ከታች ሁለት ብሎን የያዘው ሞተር አለ። ብሎኖቹን ላላ አድርጎ ሞተሩን የፀጉር ውፍረት ያህል ማዞር ነው ሥራው። ወደ የት፣ ምን ያህል? እሱን ማንም አያውቅም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ዳሪል። «በሞከርን ቁጥር የማሽኑ ራስ ዲስኳን ይፍቃታል። አርጅታለች። እንዳንጨርሳት።»

«ስንት ጊዜ ትችላለች?»

«አላውቅም።»

«የምታውቀው ነገር ምንድነው?»

«እንደምፈራ።»

ካቻቪቴውን ከእጁ ቀማሁት። «አምጣ። አንተ ቁልፉን ተጫን፣ እኔ አዞራለሁ።»

ከተትናት። ትንሽ አዞርኩ። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ! ወደ ሌላ አዞርኩ። ጠ-ጠ-ጠ! ዳሪል አስቆመኝ፣ ዲስኳን አወጣ፣ ጥጥ አልኮል ነክሮ የማሽኑን ራስ ጠረገ። ጥጡን አየው። ደብቆ ሊጥለው ሲል እጁን ያዝኩት።

ጥጡ ላይ ቡናማ ነገር አለ።

«ምንድነው?»

«አቧራ...»

«ዳሪል።»

«...የዲስኳ ሽፋን ነው። እየተላጠ ነው።»

ጥጡን አየሁት። የእማ ድምፅ ጥጥ ላይ ነው እንዴ? ያን ቡናማ ነገር መልሼ ልለጥፈው አማረኝ፣ እብድ ይመስል።

«ከጠርዟ ይሆናል» አለ። «ድምፁ ያለው ከመሃል አካባቢ ነው... መሰለኝ። እናቁም? ኖርም የሚያውቀው ሰው ካለ...»

ስልኩ ጮኸ። አባዬ ነው፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ። «ደርሰናል፣ ታክሲ ይዘናል።» ውጤቱስ ልለው ስል ዘጋው። ውጤቱን ያልነገረኝ ለምንድነው? ደግ ወሬ ቢሆን አይናገርም ነበር? አባዬ ደግ ወሬ ይዞ ዝም ብሎ አያውቅም!

«አናቆምም» አልኩ። «ዳሪል፣ ዝም በልልኝ። ትንፋሽህንም።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። በየጠዋቱ አልጋዬ ላይ ሆኜ የምሰማውን አሰብኩ። እማ ዲስኳን ስትከት ማሽኑ እንዴት ይላል? ክርርር... ዝም... ክርር፣ ክርር... ዝም። እንደሚያንኮራፋ ድመት። ያ ነው የምፈልገው። ሞተሩን ይዤ ዓይኔን እንደጨፈንኩ «ተጫን» አልኩት።

ጠ-ጠ... ገፋሁ። ጠ... ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ገፋሁ።

ክርርር... ዝም።

«አትንቀሳቀሺ» አለ ዳሪል በሹክሹክታ።

ክርር፣ ክርር... ዝም።

«ኪርሲ፣ ስም መጣ! ሄልቪ ይላል!»

ዓይኔን አልገለጥኩም። እጄ ከተነቃነቀች ሁሉም የሚጠፋ መሰለኝ። ጣቴ ደነዘዘ፣ ትከሻዬ ተቃጠለ። ክርር፣ ክርር። ከዚያ ጸጥታ።

«ገባች» አለ። «ሙሉዋን ገባች። አሁን ኮምፒውተሯ ውስጥ ናት።»

ዓይኔን ገልጬ ወደ ቁልፉ ተወረወርኩ። ልሰማት ፈለግኩ፣ አሁኑኑ! ዳሪል መዳፉን በእጄ ላይ ጫነ።

«መጀመሪያ እናስቀምጣት። መብራት ብልጭ ቢል ጠፋች ማለት ነው።»

«አንዴ ብቻ...»

«ኪርሲ፣ እመኚኝ።»

አላመንኩትም። ግን እጄን አላነሣሁም፤ የሱም እዚያው ነበር፣ ቀዝቃዛ ላብ ያላበው። በሌላው እጁ ትእዛዙን ጻፈ። የእኛ ማንበቢያ ቀይ መብራት በራ። የታክሲ በር ውጭ ተዘጋ። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። መብራቱ እንደበራ ነው። በል ጥፋ! ጥፋ እንጂ!

እማ ገባች።

ሻርፗን እንደጠመጠመች ቆመች። ብሎኑ የተፈታ ማሽን፣ ቡናማ ጥጥ፣ እጄን የያዘ የማታውቀው ልጅ። ከሁሉም በላይ ዲስኳን አየች፣ አንጀቱ በተዘረገፈ ክፍት ማሽን ውስጥ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ምን ሆነች?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምለው ነገር አጣሁ!

ዳሪል ተነሣ። «ወይዘሮ ሄልቪ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ኪርሲ ምንም አላጠፋችም። እኔ...»

ቀዩ መብራት ጠፋ።

ቁልፉን ተጫንኩ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ነገር ሽሽሽ አለ። ከዚያ የእማ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «እንዴ፣ ይሄ ነገር ይሠራል? ኪርሲ! እጅሽን ከሊጡ አውጪ ብያለሁ! ...ውይ፣ እየቀዳ ነው እንዴ?» ከዚያ ሳቋ፣ ያ ሐይቅ የሚሻገረው ሳቋ፣ መሃሉ ላይ ተቆረጠ።

ይኸው ነው። ይሄን የሚያህል ፍርሃት የፈራሁት ስለ ሊጥ ነበር!

እማ አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መስሎኝ ሮጬ አቀፍኳት። ሳያት ትስቃለች! ያለ ድምፅ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እየሳቀች ነው። ጣቷን አዞረች፤ ድገሚው ማለት ነው። ደገምኩት። እንደገና አዞረች።

«ውጤቱስ?» አልኩ በመጨረሻ። የጠየቅኩበት ድምፅ የኔ አይመስልም።

አባዬ ሻንጣውን አሁን ነው ያወረደው። «ጠባሳ ነው ብለዋል። ካንሰር አይደለም። በስልክ እኔ ልናገር ስል እናትሽ አፌን ያዘችው፣ ራሴ ነኝ የምነግራት ብላ!»

እማን አየኋት። አየር ዋጠች። አንገቷ ተወጠረ፣ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ከጉሮሮዋ ውስጥ፣ እንደ ተሰነጠቀ እንጨት ያለ፣ ግን ድምፅ የሆነ ነገር ወጣ።

«ነ... ጻ... ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ በደንብ አላስታውስም። አባዬ አለቀስሽ ይለኛል። ወሬ ነው!

የአተር ሾርባ ቀረበ። እማ ለዳሪልም ሳትጠይቀው ቀዳችለት። ሁለት ሳህን ጠጣ፤ አጥንት ያልኩት እንዲህ ሲበላ ሳላየው ነው። ሲጨርስ ማንበቢያውን መልሶ በመኝታ ከረጢቱ ጠቀለለ። እስከ ደረጃው ሸኘሁት።

«አሁን እቤት ሄደህ ቀጥ ታደርገዋለህ አይደል?»

ከረጢቱን አስተካከለ። «ማስተካከያ ዲስክ ይፈልጋል። ከዊኒፔግ ክለብ ነበር የተዋስኳት፣ መልሻታለሁ። ተራዋ እስኪደርሰኝ በጋ ይመጣል።»

«እስከዚያ ያንተ ጌሞችስ? ኖርም ራስህ የጻፍካቸው አሉ ብሎኛል።»

«አይነበቡም።»

«አውቀህ ነው ያጣመምከው?»

«አውቄ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። «ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ። እንቢ ካልሽ ደግሞ ሁለተኛ አታናግሪኝም። እኔ ደግሞ... ከዲስኳም መጥፋት በላይ እሱን ፈርቼ ነው። እወድሻለሁ ኪርሲ። ይሄን ያህል ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም።»

ልቤ ጠ-ጠ-ጠ አለ። ላሾፍበት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እጄን ዘረጋሁ፣ ያዘው።

«የኛ ማንበቢያ ቀጥ ያለ ነው» አልኩት። «ዲስኮችህን ያነብልሃል። ስንት ናቸው?»

«ብዙ።»

«አንድ ላይ እንዳታመጣቸው። አንድ በአንድ። በየቀኑ አንድ።»

ሳቀ። «ሲያልቁስ?»

«ሲያልቁ ትጽፋለህ እንጂ! ሰነፍ!» አልኩትና ጉንጩን ሳምኩት። በረዶ ነበር ጉንጩ፣ ወዲያው ግን ሞቀ።

«ኪርሲ!» አባዬ ከውስጥ ጮኸ። «በሩን ዝጊው፣ ቤቱ በረደ!»

ዘጋሁት። ከውጭ በኩል።